እናቷ አይደለሁም ብዬ የፈረምኩበት

ሶዶ፣ ሰኔ 11። ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ቤት የነበርነው እኔና ጎረቤቴ አስቴር ነን።

ምሕረት ከካናዳ ደወለች። የዜግነት ማመልከቻዋን መለሱባት። «የእናት ስም» የሚለው ላይ የእኔን ጽፋለች። የልደት ወረቀቷ ላይ ያለው ግን የእህቴ ስም ነው። እህቴ አራስ ቤት ሞታ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

«እማዬ፣ ዋሸሽ አሉኝ። አክስቷ ነኝ ብለሽ ካልጻፍሽልኝ ይከለክሉኛል» ብላ አለቀሰች።

አስቴር ተቆጣች። «በወላይታ የእናት እህት እናት ናት! ፈረንጅ ምን ያውቃል?»

እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ቀበሌ ሄድኩ። «አክስቷ ነኝ እንጂ እናቷ አይደለሁም» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ጸሐፊዋ ማኅተሙን አንስታ፣ «ጽሕፈትዎ ያምራል፤ የት ተማሩ?» አለችኝ።

«ከልጄ ደብተር» አልኳት።

ማኅተሙን እንዳነሳች ቀረች።