ጣሳ ውስጥ የበሰበሰችው እሬት

እትዬ ሰርካዲስ፣

የጀልዴሳው ካሚዮን ሊነሳ ነው። ቅዳሴ ስትሄጂ ዛሬም ከውጭ ቆልፈሽብኛል፤ ስለዚህ በመስኮት ልወጣ ነው። ስትመጪ ዝጊው፣ ድመቷ ገብታ ወጡን እንዳትደፋው።

እሬቷ ከሥሯ በስብሳለች። እኛ አገር ጀልዴሳ እያለች ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነበር የምትኖረው፤ ዝናብ ቢጠፋም ምንም አትሆንም። አንቺ አዝነሽላት በየቀኑ አጠጣሻት፤ ጣሳው ደግሞ ቀዳዳ የለውም። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ አቦ። ትናንት የጮህኩብሽን...

ብቻ ሽሮ እንዳትረሺ፣ አልቋል።

ከጎኗ የበቀለችው ትንሿ ደህና ናት። ነቅዬ ወደ ድንጋይዋ ልመልሳት ይዣት ሄጃለሁ። እኔ ሳይመሽ፣ ከመግሪብ በፊት እመለሳለሁ፤ እናቴ እኔን አደራ ብላ ሰጥታሻለቻ። እሬቷን ግን ማንም አደራ አላለሽም።

ፋርቱን