ያልተሠራው ይቅደም

ውድ ሲስተር ሰዓት፣

ፊት ለፊት እንዲህ ብዬ ጠርቼሽ አላውቅም። ደረትሽ ላይ የምትሰኪያትን ሰዓት አይተን ከኋላሽ ያወጣንልሽ ስም ነው፤ ታውቂው እንደነበር ግን አውቃለሁ። አለቃዬ ሆነሽ "አንቺ" የምልሽም ደፍሬ አይደለም፤ "እርስዎ ስትሉኝ ነገ ጡረታ የምወጣ ይመስለኛል" ብለሽ አስገድደሽን ነው።

በክፍላችን ርክክብ ላይ ሕግሽ አንድ ነበር። ከሥራ የምትወጣዋ ነርስ ለምትገባው መጀመሪያ ያልሠራችውን ትናገራለች፣ የሠራችውን በኋላ። "የሠራሽውን እኔም አየዋለሁ፤ ሰው የሚጎዳው ባልሠራሽው ነው" ትይን ነበር። እንግዲህ በሕግሽ ልጀምር። ቀብርሽ ላይ አላለቀስኩም። ከዚያ በኋላም ሳምንታት አለፉ፣ አላለቀስኩም። ምንም አልሆንኩም። እበላ ነበር፣ እተኛ ነበር፣ መርፌ ስወጋ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር።

እዚያው ክፍላችን አልጋ አራት ላይ ተኝተሽ የሞትሽ ቀን ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ዓይንሽን ከደንኩ፣ ሰዓቱን ከራስሽ ሰዓት ላይ አይቼ ጻፍኩ፣ ሲወስዱሽ አንሶላውን ቀየርኩ። የምትገባዋ ልጅ ስትመጣ "አልጋ አራት ባዶ ነው፣ ተጠርጓል፣ ዝግጁ ነው" አልኳት።

"ሲስተርስ? የት አዛወሯት?" አለችኝ።

"እንጃ" አልኳት።

እንጃ! እጄ ላይ ሞተሽ እንጃ አልኩ። ጋዎኔን አውልቄ ወጣሁ፣ ልጅቷም ከዘበኛው ሰማች። በስድስት ዓመት ውስጥ ሕግሽን የጣስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክፍላችን በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል። ይህን ሰምተሽ ነው የሞትሽው፤ ለዚህም ነበር ግራ እጅሽ ላይ ጉሉኮስ እየወረደ በቀኝሽ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፍሽልኝ። ፖስታ ውስጥ አሸግሽው፣ ክዳኑ ላይ ፈረምሽ፣ ማኅተም አስመታሽበት።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?" አልኩሽ።

"ያየሁትን ነዋ። ምነው፣ ፈራሽ? የመረጥሽው ቦታ ላኪው። ከከፈትሽው ግን ዋጋ የለውም።"

ሦስት ቦታ ተቀበሉኝ፤ ሦስቱም አለቃዬ የጻፈችውን፣ ያልተከፈተውን፣ ዋናውን ደብዳቤ ጠየቁ። አንቺ ደግሞ አንድ ብቻ ጽፈሽ ሄድሽ። አንደኛው ሊፍቱ ብቻ ስምንት የሆነ፣ ትልቁ ከተማ ያለ ሆስፒታል ነው፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው የሚያስገቡኝ። ሁለተኛው ባሕር ማዶ፣ የአክስቴ ልጅ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው። በየቀኑ እየደወለች "ምን እዚያ ጎለተሽ፣ ነይ እንጂ!" ትለኛለች። ሦስተኛው ሐይቅ ዳር ያለ ትንሽ ሆስፒታል ነው፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ያመለከትኩት ቅጹ አጭር ስለነበረ ነው። መልስ የሚፈልጉት እስከ ዓርብ ነበር።

እናቴ "የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዳይሆንብሽ፣ ተረጋጊ" ትላለች። ከእኔ በላይ የተረጋጋ ያለ ይመስል። ወንድሜ ሦስት ወረቀት ጠቅልሎ ዕጣ አስወጣኝ። ትልቁ ከተማ ወጣልኝ።

"ደስ አለሽ?"

"አላለኝም።"

"ከፋሽ?"

"አልከፋኝም።"

"እና በምን ልወቅልሽ፣ ሙቀትሽን ልለካ?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ እሱ ስለሳቀ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፖስታሽን ከፈትኩት። ዋጋ እንደሚያጣ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ምን ይሰማኝ ይሆን ብዬ ነው። ሳቂብኝ፤ ቁስል የምፈታ ይመስል ጓንት አድርጌ፣ በፋሻ መቁረጫው መቀስ ነው የከፈትኩት። እንዲህ ይላል፦

"ለተረካቢዋ። ያልተሠራው ይቅደም። ይህችን ነርስ ቁጭ ማለት አላስተማርኳትም። ሰው ሲሞትባት አንሶላ ትቀይራለች። ከእኔ የቀዳችው ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። እኔ ስሞትም ይህንኑ ታደርጋለች። የተሠራው፦ እጇ ቀላል ነው፣ አትዋሽም፣ ሕመምተኛ ሳይጠራት ትደርሳለች። እኔ የቀረኝን እናንተ ጨርሱልኝ። ስትመጣ ወንበር ስጧት።"

ሁለቴ አነበብኩት። ምንም። ወይ ጉድ፣ አሁን ደብዳቤም የለኝ፣ ለቅሶም የለኝ አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ሳሎን ቆሜ ደወልኩ። ትልቁ ከተማ ያለችው ጸሐፊ "የተከፈተ አንቀበልም፣ አዝናለሁ" አለችኝ፤ ማዘኗን እንጃ። መጦሪያውም ያንኑ አለ። ሐይቅ ዳር ስልኩን ያነሳችው ራሷ ሜትሮኗ፣ የነርሶቹ አለቃ ናት፣ ድምፅዋ የሻከረ፣ ትልቅ ሴት።

"ለምን ከፈትሽው?" አለችኝ።

"የጻፈችው ሞታ ነው።"

"እና ምን ይላል? እስቲ አንብቢልኝ።"

ማንበብ ጀመርኩ። "እኔ ስሞትም" የሚለው ላይ ስደርስ ሳልኩና ቀጠልኩ። እስከ ወንበሩ ድረስ አነበብኩላት።

"ወንበርስ ሞልቶናል" አለች። "ለመሆኑ አሁን ቆመሽ ነው የምታወሪው?"

"አዎ፣ ቆሜ ነው።"

"በይ ቁጭ በይ፣ ልጄ። አልዘጋውም፣ እጠብቅሻለሁ።"

የእናቴ ሶፋ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በዝርዝር አልጽፍልሽም። እናቴ ከጓዳ እጇን ሳትጠርግ ሮጣ እስክትመጣ ድረስ ጮህኩ። "ምን ሆነሽ? ማን ሞተ?" አለችኝ። "ሲስተር ሞተችብኝ" አልኳት፤ እሷ እኮ ቀብርሽ ላይ አብራኝ ነበረች። ስልኩን ሳነሳው ሜትሮኗ አሁንም መስመር ላይ ናት። "መቼ ትመጫለሽ?" ብቻ አለችኝ።

እሑድ እሄዳለሁ። ትልቁ ከተማም ባሕር ማዶም ቀሩ፤ የአክስቴ ልጅ አኩርፋኛለች፣ ይለፍላት። አንቺ ናፍቀሽኛል። ይኸው፣ ተሰማኝ፣ ያማል።

እንግዲህ ርክክብ። ያልተሠራው፦ ለዚያች ልጅ አልጋ አራት ላይ የነበርሽው አንቺ እንደሞትሽ በራሴ አፍ አልነገርኳትም። ነገ የመጨረሻ ተራዬ ነው፣ ከሁሉ በፊት እሱን እነግራታለሁ።

የተሠራው፦ ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

አስረካቢ፣
ያንቺው ተረኛ