የብዙወርቅ ኑዛዜ፤ በሽማግሌ ስለፈረሰው ትዳርና ስለ ጎሹ ዕዳ

እኔ ተናዛዥ ወ/ሮ ብዙወርቅ አድማሱ፣ ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት፣ በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ መጥቼ የአሶሳ ነዋሪ የሆንሁ፣ ዛሬ ቅዳሜ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በገዛ ቤቴ፣ ኩላሊቴ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይደክም፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ኑዛዜ አጽፌአለሁ። ጸሐፊው ጌትነት «ቀስ ይበሉ፣ እማማ» ይለኛል። እኔ ግን ቸኩያለሁ፤ ፈርቻለሁም።

አንደኛ፤ የምኖርበትን ባለ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ከነጓሮው ማንጎ ለአንዲት ልጄ ለሶስና ጎሹ አውርሻለሁ። ሁለቱን ክፍሎች ኦቾሎኒ ሸጬ የጨመርኋቸው እኔ ነኝ፤ ጭቃውን አብራኝ የረገጠችው እሷ ናት።

ሁለተኛ፤ ጎረቤቴ ወ/ሮ ሰዕዲያ ለመድኃኒት ያወጣችው 1,400 ብር ይከፈላት። «ይቅር» ትላለች፤ አትስሟት።

ሦስተኛ፤ ዋናው ጭንቀቴ ይህ ነው። የሶስና አባት አቶ ጎሹ ተሰማና እኔ በ2008 ዓ.ም. በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ተለያይተናል። እሱ ሁለቱን በሬዎች፣ እኔ ቤቱን ወሰድን፤ ተጽፎም ተፈረመ። ሽማግሌዎቹ «ፍርድ ቤት አስጸድቂው» ብለው ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። ጎሹ ወደ ኩርሙክ ሄዶ ከመንጌ ወርቅ እየገዛ ይነግድ ጀመር፤ በ2015 ዓ.ም. ከኩርሙክ ነጋዴ ከወ/ሮ ኢቲዳል ሦስት መቶ ሺህ ብር ተበድሮ ከሰረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! በውሉም ላይ «ባለትዳር» ብሎ ፈረመ። ከዚያ ገንዘብ ሰባራ ሳንቲም ወደ ቤቴ አልገባም።

ባለፈው ወር ኢቲዳል መጣች፤ አልተቆጣችም። «ወላሂ፣ እኔ አንቺ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ወረቀት አንቺ ሚስቱ ነው ይላል። ቤት ደግሞ የሁለት ሰው ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቤቱን ሊወስዱ መጡ እላለሁ። ቤቱ ከተሸጠ ሶስና ሁለት ልጆቿን ይዛ ወዴት ትሄዳለች?

ጌትነት እንዳስረዳኝ ፍቺ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው፤ ኑዛዜም አበዳሪን አይመልስም። ሶስና ስለ ሽማግሌዎቹ ወረቀት ጠይቃኝ «ጠፋ» ብያት ነበር፤ ዋሽቻታለሁ። ሣጥኔ ውስጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከደጄ የሩብ ሰዓት መንገድ ሆኖ ሳለ ዘጠኝ ዓመት አልሄድሁም። ማኅተም ካረፈበት ጎሹ አይመለስም ብዬ ነው። እወደው ነበር፤ በዚህ ዕድሜ መናገሩ ያሳፍራል። አሁን በእኔ ሞኝነት ልጄ ቤት አልባ እንዳትሆን እሰጋለሁ።

አራተኛ፤ ከሽማግሌዎቹ በሕይወት ያሉት የባምባሲው አቶ ዲሳሳ ብቻ ናቸው። ሰኞ ፍቺውን ለማስጸደቅ ቀጠሮ ይዘናል። ያን ቀን ሳላይ ከሞትሁ፣ ትዳራችን በ2008 ዓ.ም. ማብቃቱን ለሶስና እንዲመሰክሩላት አደራ ብያለሁ። በኢቲዳል ላይ ክፉ ቃል አትናገሩ፤ ገንዘቧ እውነት ነው፣ ተጠያቂው ግን ጎሹ ነው። ሶስና ልጄ፣ አንቺ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጥሽ በማግስቱ ፍርድ ቤት አድርሺው።

ይህ ቃል ሁላችን በአንድነት ሳለን ተነብቦልን ትክክል መሆኑን አረጋግጠናል።

ምስክሮች፤
አቶ ዲሳሳ ቶሌራ (ፊርማ)
ወ/ሮ ሰዕዲያ አልሐሰን (የጣት አሻራ)
አቶ ውድነህ ካሳ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ (ፊርማ)
ወ/ሮ አሰለፈች ይመር (ፊርማ)

ከኩርሙክ ተጠርቶ የመጣው የአቶ ጎሹ ቃል፤ «ብሩን የወሰድሁት ከተለያየን በኋላ ለራሴ ንግድ ነው። ብዙወርቅ አታውቅም። ባለትዳር ነኝ ያልሁት እንድታመን ብዬ ነው። ሰኞ እቀርባለሁ።» (ፊርማ)

ተናዛዥ ያስጨመረችው፤ ጎሹ ከፈረመ በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «ብዙዬ፣ እኔ ያኔውኑ አስጸድቀሽው መስሎኝ ነበር። ቆርጣ ትታኛለች ብዬ ነው ሳልመለስ የቀረሁት።» ይህም ይጻፍልኝ። ሰኞ ግን ነፍሴ ካለች፣ ተሸክማችሁም ቢሆን ፍርድ ቤት አድርሱኝ።

ብዙወርቅ አድማሱ (ፊርማ)