የክሊንገርማን ስም በገበያ ድርሻዎ ውስጥ

ለክቡር አቶ ፕሬንቲስ ኮውደሪ
የብራንትዌል ተጎታች ቤቶች አምራች ኩባንያ የቦርድ ሰብሳቢ
ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎና በተለይም ከዓመት ዓመት እየፋፋ ለመጣው የገበያ ድርሻዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኛ የናፓኒ ሰዎች ጤናችን እንዲሁ ነው፤ ድርሻ ግን የለንም።

ማርላ ዋይሪች እባላለሁ። አንድ ጊዜ ጨብጠውኛል፤ ያን ዕለት የጨበጡት ሰው ብዙ ስለነበር ባያስታውሱኝ አልቀየምም። በክሊንገርማን ፋብሪካ የስፌት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ ሰው መኪናው ላይ አስሮ ለሽርሽር የሚጎትታቸውን ቤቶች መጋረጃና የመቀመጫ ልብስ የምንሰፋው እኛ ነበርን። ሰሞኑን በኤልክሃርት አዳራሽ ለሠራተኞችዎ ባደረጉት ንግግር፣ በአገሩ ከሚሸጡት መቶ ተጎታች ቤቶች አርባ አንዱ የእርስዎ መሆናቸውን ሲያበስሩ ከኋላ ተቀምጠው ካጨበጨቡት አንዷ ነኝ። ማጨብጨቡ ግዴታ አልነበረም፤ የክፍል አለቃችን ብቻ ዞር ዞር እያለ ያየን ነበር። ከአርባ አንዱ መካከል ቀድሞ የእኛ የክሊንገርማን የነበሩት ሁለቱ እንዴት እንደገቡ ግን በንግግርዎ ስላልተነሣ፣ ከሥራ ብዛት ዘንግተውት ይሆናል ብዬ ላስታውስዎ ደፈርኩ።

አንደኛ፣ ፋብሪካችንን ስለገዙልን አመሰግናለሁ። ባለቤቱ አቶ ኦርቫል ክሊንገርማን ለመሸጥ አስበው አያውቁም ነበር፤ እንዲያስቡ የረዷቸው እርስዎ ነዎት። ድዌይን ስፕሩንገር የሚባል፣ ዕድሜውን ሙሉ የእኛን ቤቶች ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ አንድ ቀን ከኦሃዮ ድረስ ነድቶ መጣና የስፌት ክፍላችን በር ላይ ቆመ። አቶ ኦርቫል ከእኔ ጋር የጨርቅ ቀለም እየመረጡ ነበር። ድዌይን ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬቱን እያየ፣ የእርስዎ ሰዎች መጥተው የክሊንገርማንን ቤቶች ከግቢው ካላስወጣ የብራንትዌልን እንደማይልኩለት እንደነገሩት አስረዳ።

«ኦርቫል፣ ሚስትህን ፍታ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር» አለ።

«ይህን ለዶሪስ ነግረሃታል?» አሉት አቶ ኦርቫል። እሳቸው ሳቁ፤ ድዌይን ግን አልሳቀም።

እስከ መኸር ድረስ ሌሎቹም ነጋዴዎች ተራ በተራ፣ አንዳንዶቹ በስልክ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ዝም በማለት፣ ያንኑ ነገሩን። እርስዎ በንግግርዎ ይህንን «የነጋዴዎቻችን ታማኝነት» ብለውታል፤ ቃሉ አምሮበታል።

ሁለተኛ፣ ቃልዎን ስለጠበቁ አመሰግናለሁ። የገዙን ዕለት ዶናት ይዘው መጥተው፣ የእንጨት ሣጥን ላይ ቆመው፣ ምንም ነገር እንደማይቀየር ነገሩን። እውነትም ስሙ አልተቀየረም። እያንዳንዱ ቤት ከመሸጡ በፊት ውኃ እየወረደበት ማፍሰስ አለማፍሰሱ የሚታይበት ክፍል ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ተዘጋ፤ ቀጥሎ የእኛ የስፌት መኪናዎች ተጭነው ሄዱ፤ ቀጥሎ ፋብሪካው ራሱ ተዘጋ። ዛሬ የክሊንገርማን ቤቶች ኤልክሃርት ባለው ትልቁ ፋብሪካዎ ውስጥ፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር፣ አንድ ዓይነት ሆነው ይወጣሉ። ልዩነታቸው በሩ ላይ የሚለጠፈው ስም ብቻ ነው።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ይህኛው ግን በቁጥር የሚያዝ አልሆነልኝም።

የአቶ ኦርቫል ባለቤት ወይዘሮ ትዊላ ይባላሉ። የክሊንገርማንን ማዕድ ቤት ንድፍ ወጣት ሳሉ ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ምድጃው የት እንደሚቀመጥ፣ የማንኪያው መሳቢያ በየትኛው በኩል እንደሚሆን ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ለክተው ነው የወሰኑት። ባልና ሚስት በየመኸሩ ከመስመሩ የወጣ አዲስ ቤት ይዘው ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ ይሄዱ ነበር፤ ሲመለሱ ስለሚሸጡት የራሳቸው የሚሉት አልነበራቸውም። ፋብሪካው በተሸጠበት ሰሞን ወይዘሮ ትዊላን የመርሳት በሽታ ጀመራቸው። የሰው ስም ጠፋባቸው፤ መንገድ ጠፋባቸው፤ እጃቸው ግን ማዕድ ቤቱን አልረሳም ነበር። ስለዚህ አቶ ኦርቫል እንደማንኛውም ደንበኛ ሄደው፣ የገዛ ስማቸው የተጻፈበትን አዲስ ቤት ከእርስዎ ገዙ። እኔም ሥራ ፈት ስለነበርኩ ለማገዝ ወደ ሐይቁ አብሬያቸው ሄድኩ።

እዚያ ባደርንበት ማግስት ወይዘሮ ትዊላ ተነሥተው ቁርስ ሊሠሩ ቆሙ። እጃቸው ከምድጃው በስተግራ፣ ድሮ መሳቢያው ወደነበረበት ሄደ፤ እዚያ ያለው ግን ግድግዳ ነበር። ደጋግመው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በሹክሹክታ፣ «የማን ቤት ነው ይሄ?» አሉ።

«የእኛ ነው እንጂ፣ ትዊላ። ስማችን እኮ በሩ ላይ አለ» አሉ አቶ ኦርቫል።

«ሰዎቹ ሳይመጡ እንውጣ።»

ቦርሳቸውን ይዘው ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ዝናብ ጀመረ፤ አልገባም አሉ፤ ካፖርት አለበስኳቸው። ከአልጋው በላይ ያለው ጣሪያም ያፈስ ጀመር። አቶ ኦርቫል በአንድ እጃቸው ድስት ከሚያፈሰው ሥር ደቅነው፣ በሌላው ወደ ደንበኞች አገልግሎትዎ ደወሉ። መልስ የሰጠቻቸው ልጅ እጅግ ትሑት ነበረች፤ አስተዳደጓን አመሰግናለሁ። «ክሊንገርማን የተጎታች ቤቱ ስም ነው ወይስ የእርስዎ ስም ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሁለቱም ነበር» አሏት።

በስልኩ ሙዚቃ እያሰማች እንዲጠብቁ አደረገቻቸው። ሐይቁን በቅጡ ሳናየው ተመለስን።

የድሮዎቹን ማዕድ ቤቶች ይሠራ የነበረው፣ ከጥንቱ አኗኗር ካልወጡት የአሚሽ ምእመናን አንዱ የሆነው አናጢ ኤርቪን ቦርክሆልደር ይህን ሲሰማ፣ የፊተኛውን ዓይነት ማዕድ ቤት አስገባላቸዋለሁ አለ። በተዘጋው ፋብሪካችን ውስጥ አንዳንድ የተሠሩ ቁም ሣጥኖችና መሳቢያዎች ቀርተው ነበርና ልለምን ሄድኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፤ ስሙን የማልጽፈው ለዚህ ነው። ኤልክሃርትን አስፈቀደ። ንድፉ የኩባንያው ንብረት ስለሆነ ለውጭ ሰው እንዳይሰጥ፣ ቦታም እንዳይዝ እንዲሰባበር የሚል መልስ መጣለት። ተሰባበረ። ፍጥነታችሁን ሳላደንቅ አላልፍም።

በኋላ ሺፕሽዋና አጠገብ ከአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ዶሮ ያድርበት የነበረ አሮጌ ክሊንገርማን አገኘን። ኤርቪን አደሰው፤ እኔ መጋረጃ ሰፋሁለት። ሲያልቅ ክረምቱ ወጥቶ፣ ወይዘሮ ትዊላም ጎሸን ወዳለው መጦሪያ ገብተው ነበር። አቶ ኦርቫል አንድ ከሰዓት በኋላ አመጧቸው። ምድጃው በቦታው ነበር፤ መሳቢያውም በግራ በኩል ነበር። ወይዘሮ ትዊላ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ። አቶ ኦርቫል የሚስታቸውን እጅ ቀስ ብለው አንሥተው የመሳቢያው እጀታ ላይ አኖሩላቸው። ወይዘሮዋ ፈገግ አሉ፤ ለእንግዳ የሚሰጥ ዓይነት ፈገግታ።

«ቆንጆ ቤት አላችሁ» አሉን።

በሽታውን እርስዎ አላመጡትም፤ በዚያ ገበያ ድርሻ እንደሌለዎት አውቃለሁ። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የወሰዱባቸው አንድ መኸር ብቻ ነው። ነገር ግን የቀራቸውም እሱ ብቻ ነበር።

ስለ እኔ ቢጠይቁ ደኅና ነኝ። ከእርስዎ ሸሽቼ አንድ ሌላ አምራች ዘንድ ተቀጥሬ ነበር፤ እሱንም አምና ገዙት። አሁን በትልቁ ፋብሪካዎ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ቆሜ፣ በአንድ ዓይነት በር ላይ የተለያየ ስም እለጥፋለሁ። በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ቢያባርሩኝ አልገረምም፤ የምሄድበትም የእርስዎ ስለሚሆን ማኅደሬን ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ማሻገር ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ ይህን መጻፍ ምን ይጠቅማል ብለውኛል። ለምንም። የሚመለስ ነገር ስለሌለ እንዲመልሱልኝ የምጠይቅዎ ነገር የለም።

ቀሪው ዘመንዎ የተባረከ፣ ጣሪያዎ የማያፈስ፣ በሚያረጁበትም ጊዜ እጅዎን ሲዘረጉ የሚፈልጉትን የሚያገኙበት ቤት እንዲኖርዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ከአርባ አንዱ አንዷ፣
ማርላ ዋይሪች
ናፓኒ

ማሳሰቢያ፦ አቶ ኦርቫል ያን ከእርስዎ የገዙትን ቤት ባለፈው ቅዳሜ ሸጠውታል። ከመሸጣቸው በፊት በሩ ላይ ያለውን ስም በመፋቂያ ብረት ፋቁት። ገዢው የማን ሥራ እንደሆነ ሲጠይቃቸው አጠገባቸው ነበርኩ፤ «ማን እንደሠራው አላውቅም» አሉት። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለሚቀጥለው ንግግርዎ ድርሻዎን ሲያሰሉ አንድ እንዲቀንሱ በትሕትና አሳስባለሁ።