ገመዱን የያዝሽው አንቺ ነበርሽ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለውባንች ጎሹ፣
ገዳሪፍ።

ከሁሉ አስቀድሜ ከድንበሩ ወዲህ ሆኜ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርብልሻለሁ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምት በገባ ቁጥር የሚጥልሽ ወባ ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? ባለቤትሽ አዱኛስ እንዴት ነው፣ ሥራ አገኘ ወይ? እዚያ ወለደቻት ሲሉ የሰማናት ትንሿ አይናዲስ ዳዴ ማለት ጀመረች ወይ? እኔና እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነን። የእማዬ ዓይን ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የሰሊጥ ነጋዴው ሙሐመድጣሂር ነው። ገዳሪፍ ገበያ እንዳገኘሽና ቤታችሁንም እንደሚያውቀው ባለፈው ወር ነገረኝ። በፖስታ ቤት ስለማያልፍ በልቤ ያለውን ሳልሸሽግ እጽፍልሻለሁ። አገሬ ከገባሁ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩሽ አድራሻሽን አጥቼ ብቻ አይደለም። ተቀይሜሽ ነበር። ለምን እንደሆነ ከመነሻው ልንገርሽ።

በሐምሌ 1977 ትምህርቴን በባሕር ማዶ ጨርሼ ከካርኮቭ ስመለስ፣ ለአባታችን ያመጣሁላቸው ስጦታ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ግንባራቸው ላይ የሚያስሩት መብራት ነበር። ጉድጓድ ሊቆፍሩ ሲወርዱ ሁለቱም እጃቸው ነፃ ይሆናል ብዬ ነው። ከጎንደር በሎሪ ተጭኜ መተማ ስደርስ እማዬ፣ አንቺና አዱኛ ወደ ሱዳን መሻገራችሁን በጆሮዬ ነገረችኝና፣ "አባትህ ግን ኮኪት ለሥራ ሄደዋል፣ እሑድ ይመጣሉ" አለችኝ። ጎሕ ሲቀድ ስነሣ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ቤቱን ሞልቶታል። መርዶ መሆኑ ገባኝ፣ የማን እንደሆነ ግን አልገባኝም። አንቺ መንገድ ላይ የቀረሽ መሰለኝ።

"አባትህ በጥር 1974 በወባ ዐረፉ" አሉኝ። እኔ ሻንጣዬን ከፍቼ በየካቲት 1976 የተጻፈውን ደብዳቤ አወጣሁና፣ "ይኸውላችሁ፣ ሞቱ ካላችሁኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ጽፈውልኛል" አልኳቸው። ሰዉ አቀረቀረ። በመጨረሻ እማዬ መሬት መሬቱን እያየች "ውባንች ናት" አለችኝ።

እንዴት እንዳልጠረጠርኩ ታውቂዋለሽ። አባታችን ፊደል አልቆጠሩም፤ ከሄድኩበት ቀን ጀምሮ እሳቸው ይናገራሉ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። ከሞቱም በኋላ የእጅ ጽሑፉ ያው የአንቺው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው እየጻፍኩ፣ በሞተ ሰው ምክር እየኖርኩ እንደነበር ሳስበው እንደ ቂል የተሣለቅሽብኝ መሰለኝ። ለቅሶዬን እንኳ በወጉ አላለቀስኩም። ሌላው ሰው አልቅሶ የጨረሰውን እኔ ብቻዬን እንደ አዲስ ለመጀመር አፈርኩ።

አሁን እነዚያ ደብዳቤዎች ምን እንዳደረጉኝ ልንገርሽ፣ ይህን አታውቂምና።

ካርኮቭ የሩሲያ ቋንቋ ያስተማሩን ቬራ ኒኮላዬቭና የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። በ1974 ሚያዝያ ስለ አገራችን አንድ ገጽ እንድንጽፍ አዘዙን። እኔ ስለ ቆላው ሙቀት፣ ስለ ሰሊጡ እርሻ፣ በመጨረሻም አባቴ ውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ እንደሆኑ ጽፌ ሰጠኋቸው። አንብበው፣ "ሙቀቱን ተወው። አባትህ ወደ ጉድጓድ ሲወርዱ ገመዱን እንዴት ነው የሚይዙት?" ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም። አባታችን በቆፈሩት ውኃ አድጌ፣ ገመዱን እንዴት እንደሚይዙ አላውቅም። ጎንደር ተማሪ ቤት ስለነበርኩ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አይቻቸው አላውቅም። አገሬን እንዳላየኋት የገባኝ ያን ቀን፣ ያን ያህል ርቄ ነው። ወዲያው ለአባታችን ጽፌ ጠየቅኋቸው።

መልሱ በሰኔ ደረሰኝ፤ ሦስት ገጽ ሙሉ ነው። ገመዱን በግራ ክንድ ሁለት ጊዜ መጠቅለሉን፣ ከመውረድ በፊት አየር መኖሩን ለማወቅ የተለኮሰ ገለባ ወደ ታች ተጥሎ እሳቱ መጥፋት አለመጥፋቱ መታየቱን፣ አፈሩ እርጥበት ሲጀምር በባልዲው ከፍ ብሎ የሚመጣው ሽታ ዝናብ ዝናብ ማለቱን ይተርካል። ደግሞም፣ "ታች ያለው ሰው ሥራ ይዟል፣ አይፈራም። የሚፈራው ላይ ቆሞ ገመድ የያዘው ነው" ይላል። ያንን ይዤ የመጀመሪያውን ታሪኬን ጻፍኩ። ቬራ ኒኮላዬቭና ወደ ሩሲያ ቋንቋ መልሰው በተማሪዎች ጋዜጣ አሳተሙልኝ። ስለሚፈራው ሰው የምትለዋን ቦታ በጣታቸው እየነኩ "ይህን ያየ ሰው ላይ የቆመ ሰው ነው" አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ አመሰግናለሁ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ደራሲ ነኝ ማለት ጀመርኩ። አንቺ ደብዳቤ በላክሽ ቁጥር እኔ አንድ ታሪክ እጽፋለሁ። የሙያዬም ነገር እንደዚሁ ነው። የእርሻ መሣሪያ ላጥና ወይስ ሌላ ብዬ አባታችንን ሳማክር፣ "ትራክተሩን ለሌላ ተውለት። አንተ ሰው ሳይወርድ ውኃ የሚያወጣውን ማሽን ተማር" የሚል መልስ መጣልኝ። ቃላቸው ነው ብዬ ክፍል ቀየርኩ። ዛሬ የመንግሥት የውኃ ጉድጓድ ባለሙያ ነኝ፤ መኖሪያዬ ገንዳ ውሃ ነው፣ መኪና ላይ የተጫነ መቆፈሪያ ይዤ ለሰፋሪዎች መንደር ውኃ አወጣለሁ። እንጀራዬም ድርሰቴም ካንቺ ብዕር የወጣ ነው ማለት ነው። ይህ ነበር ያስቀየመኝ።

ባለፈው ግንቦት ኮኪት አጠገብ ልንቆፍር ሄድን። ማሽኑን ልናቆም ስንል እማማ ኩብራ የሚባሉ አሮጊት በትራቸውን ይዘው መጡና አንድ የድንጋይ ክምር እያሳዩኝ፣ "ልጄ፣ እዚህ አታቁሙ። እዚህ ጎሹ የሚባሉ ጉድጓድ ቆፋሪ ቀርተዋል" አሉኝ። የቆፋሪው ልጅ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ግድግዳው ተንዶ እንደተጫናቸው፣ ላይ ገመድ የያዘች ሴት ልጅ እንደነበረቻቸው፣ ጮኻ ሰው እስኪደርስላት ገመዱን አለመልቀቋን፣ ወንዶቹ በስንት ግድ ከእጇ እንዳስለቀቋት ነገሩኝ። "መዳፏ ተገሽልጦ ነበር። በሰሊጥ ዘይት ያሸኋት እኔ ነኝ። ምርር ብላ እንኳ አላለቀሰችም" አሉኝ።

ውባንች፣ የዚያን ቀን ማሽኑ ሲሠራ ዋለ፣ እኔ ግን አጠገቡ አልነበርኩም። ከመኪናው ኋላ ተቀምጬ የአባቴን ለቅሶ ያን ጊዜ አለቀስኩ። አባቴን ብቻም አይደለም፣ አንቺንም ነው ያለቀስኩሽ። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ።

ቤት ገብቼ እማዬን ለምን ወባ እንዳለችኝ ጠየቅኋት። ያስማልሻት አንቺ መሆንሽን ነገረችኝ። "አባቱ ሲሞቱ ገመዱን ማን ይዞ እንደነበር ወንድሜ ማወቅ የለበትም" ብለሽ እግሯ ላይ ወድቀሽ ነበር አለችኝ። በዚያ ሰሞን እሷ ለአክስታችን ለቅሶ ጎንደር ሄዳ የደረሰችው ለቀብር ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው እሷም አንቺን ደፍራ አልጠየቀችሽም። ያንን ደብዳቤ እንደገና አወጣሁት። ሰው ሳይወርድ ውኃ የሚያወጣ ማሽን ተማር ያልሽኝ አባታችን ከተቀበሩ አምስት ወር ሳይሞላ ነው። ለምን እንዳልሽ አሁን ገባኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝልሽ። በሐምሌ የታሪኮቹን ረቂቅ ይዤ አዲስ አበባ አንድ መጽሐፍ አሳታሚ ዘንድ ሄድኩ። በሽፋኑ ላይ "በውባንች ጎሹና በማተቤ ጎሹ" ብዬ ጽፌ ነበር። አርታኢው ወዶታል። ሴትዮዋ ወዴት እንዳለች ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት። ተነሥቶ በሩን ዘጋና ቀስ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ የኮበለለ ሰው ስም መጽሐፍ ላይ አይወጣም። ሰርዘው፣ በመስከረም ይታተማል" አለኝ። አልዋሽሽም፣ ሰረዝኩት። እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ በራሱ ብዕር። ደረጃውን ወርጄ አደባባዩን ከተሻገርኩ በኋላ ነው እግሬ እምቢ ያለኝ። ተመልሼ ረቂቁን መልስልኝ አልኩት። ሰውዬው አልተቆጣኝም፣ አዘነልኝ እንጂ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ስሞክረው ሁሉም ያንቺ ድምፅ እየሆነ ያስቸግረኛል።

ረቂቁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ስምሽ የተሰረዘበት ገጽም አለበት፤ ልቀደው ብዬ ተውኩት፣ ያደረግኩትን እንድታዪው ነው። አባታችን የሞቱት በአፈሩ እንጂ ባንቺ አይደለም። እማማ ኩብራ እንዲህ ይላሉ፣ እማዬም እንዲህ ትላለች፣ እኔም እንዲህ እላለሁ። ከማናችንም ሳትሰሚው አምስት ዓመት ሊሞላሽ ነውና እባክሽ ደጋግመሽ አንብቢው።

እማዬ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፤ ለአይናዲስ በእጇ የፈተለችውን ነጠላ ልካላታለች። አዱኛን በጣም ሰላም በይልኝ። የመተማ ጎረቤቶቻችን እነ ጸዳለ፣ እነ አሰበች ሁሉም ሰላም ይሉሻል። እማማ ኩብራም ማን መሆኔን ከነገርኳቸው ወዲህ፣ እጇ ዳነ ወይ ብላችሁ ጠይቁልኝ ብለዋል።

ሙሐመድጣሂር ሲመለስ መልስሽን እጠብቃለሁ። ስለዚያ ቀን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ብትችዪ ጻፊልኝ፣ ባትችዪ ደህና ነኝ ብቻ በይኝ፤ ግን ውባንች፣ አሁን በአባታችን ስም ሳይሆን በራስሽ ስም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ማተቤ ጎሹ
ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.