ምዜ ኪዴቩን ማን ግደለው አለህ?

ፓንጋኒ፣ ኦገስት 14 ቀን 1996

ለልጄ ለሙሂዲኒ፣

እንዴት ነህ? ሚስትህና ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ማለቴ እስከ ከትናንት ወዲያ ደህና ነበርኩ። ሰኞ ጋዜጣው በታንጋ አውቶቡስ ሲመጣ እህትህ ሳውዳ ገዝታ አመጣችልኝ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ የኋላውን ገጽ፣ ያንተን የቀልድ ሥዕል ገለጥኩ። አራት ሥዕል ነው። አንደኛው ላይ የመሻገሪያው ጀልባ፣ ሁለተኛው ላይ ወንዙ፣ ሦስተኛው ላይ የትኬት ቆራጩ ባዶ ወንበር። አራተኛው ላይ "ምዜ ኪዴቩ አረፈ፤ ውድ አንባቢዎቼ፣ አመሰግናለሁ" ብለህ ፈርመሃል።

ማንን አስፈቅደህ ነው?

አባትህን አላህ ወሰዳቸው፤ በአላህ ሥራ አልገባም። ይሄኛውን ግን የወሰድከው አንተ ነህ። ያውም አርባቸው ሳይወጣ! መጥተህ ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ምንጣፍ ላይ ስትቀመጥ አንድ ቃል አልተነፈስክም። ዳሬሰላም ገብተህ በጋዜጣ አረዳኸኝ።

የረሳህ እንደሆነ ላስታውስህ። ገና በሰባት ዓመትህ፣ አባትህ የጀልባውን ትኬት በሚቆርጡበት ቤት ግድግዳ ላይ እሳቸውን በከሰል ሣልክ፤ ጀልባው በአገጫቸው ታስሮ ቆሟል። ተሻጋሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክብር ስማቸው ምዜ ምብዋና መባላቸው ቀረና አገሩ ሁሉ "ኪዴቩ፣ ባለ አገጩ" ይላቸው ጀመር። ገረፉህ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ከሰል ይዘህ ተገኘህ። ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በሥዕል ቀንድ አብቅለህለት ተባረርክ። ዳሬሰላም ኮበለልክና የፀጉር ቤት ታፔላ ስትቀባ፣ እኛ እዚህ አምስት ዓመት ሙሉ ዱዓ ስናደርግ ከረምን። ኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከጀልባው ላይ ሆኖ ጋዜጣ እያውለበለበ፣ "ምዜ! ጋዜጣ ላይ ወጥተዋል!" ብሎ ጮኸ። አየነው። አገጫቸው፣ ቆባቸው፣ የትኬት ቦርሳቸው ሳይቀር።

ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት! አባትህ መስጊድ ሲገቡ ሰው ይሥቃል። ከአሩሻ ድረስ የመጣ ሰው "አባባ፣ አገጭዎን ልንካ?" ይላቸዋል። እኔንም አልማርከኝም፤ ለኪዴቩ ሚስት በር የሚያህል አፍ ሰጠሃት። "ተው ልጄ" ብዬ ስጽፍልህ "እማዬ፣ ሥራ ነው" አልከኝ። ሥራ ከሆነ ታዲያ ምነው ተውከው?

ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ለቀስተኛ መጣ። አዎ፣ ለቀስተኛ! ለሥዕልህ! አባትህ ሲቀበሩ አንዲት ደቂቃ ያልቆመ ጀልባ ለኪዴቩ ግማሽ ቀን ቆመ። የወረዳው ጸሐፊ ስኳር ተሸክሞ ገባና፣

"ቢ ምዋናሻ፣ አላህ ያጽናሽ። አንብበን በጣም አዘንን" አለኝ።

"ማን ሞቶ?"

"ኪዴቩ ነዋ።"

"ባሌ ከሞቱ ሠላሳ አራት ቀናቸው ነው። ያኔ የት ነበርክ?"

"አይ፣ ያኔማ... የሞቱት እሳቸው መሆናቸውን ማን ነገረን? ምብዋና የሚባል ሰው ነው የተባለው።"

"ተነሥ! ስኳርህንም ይዘህልኝ ውጣ!"

ሳውዳ ከጓዳ ሆና "እማዬ፣ ስኳሩን እንኳ ተይው" ትለኛለች። ይዞት ወጣ። ንዴቴ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብብ። ታሪኮቹን ሁሉ ከየት ታመጣቸው ነበር? በየወሩ ከምጽፍልህ ደብዳቤ። ወሬኛ እናት ሰጠኝ ብለህ ስትደሰት ኖረሃል። እኔ ደብዳቤ ልጽፍ ስቀመጥ አባትህ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጫማቸውን ይጠርጋሉ። "ይሄን እንዳትጽፊለት" ይሉና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩልኛል። ጥቂት ቆይተው፣

"ጻፍሽው?"

"አልጻፍኩም።"

"ጥሩ። ፍየሏ የበላችው ግን አንድ ትኬት አይደለም፤ ጥራዙን በሙሉ ነው። እንዳትሳሳቺ።"

ሙሂዲኒ፣ እኛ ቤት ፍየል ኖሮ አያውቅም። የፖሊሱ ጫማ ወንዝ የገባውም ውሸት ነው። አማቷን በሻንጣ ልታሻግር የሞከረችው ሙሽራም አልተፈጠረችም። ሁሉንም ከራሳቸው የፈጠሯቸው እሳቸው ናቸው። ጋዜጣው ላይ ሲያዩት "ይሄ ልጅ አዋረደኝ!" ብለው ይጮሁና ያንኑ ጋዜጣ አጣጥፈው፣ ኪሳቸው ከተው ወደ ጀልባው ይሄዳሉ። ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። በቁርአን አስምለውኝ ነው። መሐላው አሁንም ይይዘኝ አይይዘኝ እንደሆነ ኢማሙን አልጠየቅኩም፤ ልጠይቅም አልፈልግም።

አንዲት ያልጻፍኩልህ ቀርታለች። ይቺኛዋ እውነት ናት፤ በዓይኔ አይቻታለሁ። ሆስፒታል የገባን ቀን ነርሷ መዝገቧን ዘርግታ "ስም?" አለቻቸው። በዚያ ስም የጠራቸውን ሁሉ በከዘራ ሲያሯሯጡ የኖሩት ሰውዬ፣ "ጻፊ፣ ምዜ ኪዴቩ" አሏት። "ኧረ ይተዉ!" አልኳቸው። ልጅቷ ብዕሯን ጥላ ጓደኞቿን ልትጠራ ሮጠች። ስምንት ነርስ አልጋቸውን ከበበ። ቀና ማለት እንኳ አቅቷቸው ነበር፤ እኔ ትራሱን ከፍ አደረግኩላቸው። አገጫቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው "ከጎን ነው የሚያምረው" አሉ። ስምንቱም ሣቁ። እሳቸውም እስኪያስላቸው ሣቁ። በአምስተኛው ቀን ሞቱ።

ዛሬ ጋዜጣው ላይ እሱ በነበረበት ቦታ የፍራሽ ማስታወቂያ አስገብተዋል። ለአለቆችህ ንገርልኝ፤ እኔ ፍራሽ አለኝ። ሰፊ ነው፤ ለአንድ ሰው ሲሆን ደግሞ ይበዛል። እኩለ ቀን ላይ ጋዜጣ የምገልጠው ፍራሽ ለማየት አይደለም።

ሰው ከሞት አይነሣም ብለህ እንዳትመልስልኝ። እሱ ወረቀት ነው። አስነሣው።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ዓይንህን ያብራልህ፣ እጅህን አያዝልብህ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ።

ባለ ትልቅ አፏ እናትህ፣
ምዋናሻ