ድንጋይ የምታጥበው ልጅ

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ
ዛሬ ምንም የለም። መብራት ጠፋ፣ መጣ። ቤኪ ሱቅ ዋልኩ፣ ፍላሽ ላይ ፊልም ሲጭን እያበሸቅኩት። አዲስ የጃፓን ካርቱን፣ አኒሜ የሚሉትን፣ በአማርኛ ሊተርክ ነው። ጃፓንኛ? ኧረ ባክህ! እንግሊዝኛውን እንኳ ዘጠነኛ ክፍል አብረን ነው የወደቅነው... የውጭ ጫጫታ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ስልኩ ላይ ያወራል፣ ድምፁን ፊልሙ ላይ ይለጥፋል። ሰፈሩ ያምናል!

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
አየነው። ልጆቹ ጄሪካን ላይ ተደርድረው፣ የቤኪ እህት ልጅ ትንቢት ከፊት። ከእናቷ ጋር ማረሚያ ቤት አባቷን ጠይቃ መምጣቷ ነው፣ የቆሸሸ ልብሱን በፌስታል ይዛ።

ፊልሙ ላይ አባትየው ባቡር ይሳፈራል። ልጁ ትጠብቃለች። የዚህን ዳይሬክተር ሌላም ፊልም አይቻለሁ፣ እዚያም አባት ሄዶ ቀረ። አባት ምን አድርጎት ነው? ሩዙን ግን እንፋሎቱ እስኪሸተን ይስለዋል። እያጎረሰ ሊያስለቅስ! አላምነውም ሰውዬውን።

«ቤኪዬ፣ ይመለሳል?» አለች ትንቢት።
«ይመለሳል እንጂ!»

መጨረሻ ላይ ልጅቷ የቆመ ድንጋይ ላይ ውሃ ታፈሳለች፣ ሥሩ አበባ ታስቀምጣለች። የቤኪ ድምፅ፦ «ልጅቷም የልብስ ማጠቢያ ድንጋይዋን አጠበች።» እሺ... ልብሱስ የታለ? ለማጠቢያ ድንጋይ አበባ ምን ያደርግለታል?

ጥቅምት 9፣ እሁድ
ፊልሙ ላይ ያለውን ድንጋይ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ የተቀረጸበትን ጽሑፍ ተርጉም አልኩት። «የቤተሰብ መቃብር»። አገኘሁህ ቤኪ! አንዱ ጃፓን ሆኖ ይገድላል፣ አንዱ እዚህ ቃሊቲ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ሬሳ ይደብቃል። ምን ፈልገው ነው?

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
ድጋሚ ሲያሳይ ጠበቅኩት። ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ብድግ አልኩ። «መቃብር ነው! ሰውዬው ሞቷል! ቤኪ ቀጣፊ!»

ልጆቹ አውካኩ። ቤኪ አልተሳደበም፤ ትንቢትን ነው ያየው። ፌስታሏን አንስታ ወጣች።

«ለሷ ብዬ ነው፣ አንተ ጅል» አለኝ። «አባቷ ከተፈረደበት ጀምሮ "ይመለሳል?" ብቻ ነው ጥያቄዋ።»

 

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ
ቤኪ አያናግረኝም። መተረኩንም ትቷል። ጥፋቱ የዚያ ጃፓናዊ ዳይሬክተር ነው... አይደለም?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ
ቢያኮርፈኝም ቤኪ ሱቅ ነኝ። ጠዋት ትንቢት መጣች፣ ከእናቷ ጋር ወደ አባቷ እየሄዱ። እናቷ ከጎን ሱቅ ሙዝ ትገዛለች።
«መጨረሻውን ክፈትልኝ። ድምፁን አጥፋና አንተ ተርክ።»
«መቃብር ነው አልኩሽ እኮ።»
«ያኔም አውቄዋለሁ፣ አበባ አለው። ቤኪዬ እንዴት እንደሚዋሽ ልሰማ ነው የምመጣው።»
«ታዲያ ለምን ወጣሽ?»
«ጮህክብና!»

ቤኪ ፍላሽ የሚነቅል መስሎ ጀርባውን ሰጥቶናል። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ልጅቷም... የልብስ ማጠቢያ ድንጋይዋን አጠበች።»
«ልብሱስ የታለ?»

የኔው ጥያቄ! ፌስታሏን አየሁት። የታጠበ፣ የተጣጠፈ ሸሚዝ።
«አጥባ ጨርሳለች» አልኩ። «ሲመጣ ንጹሕ እንዲለብስ አጣጥፋ አስቀምጣለታለች።»
«ውሸታም!» ብላ ሳቀች። እናቷ ስትጠራት ፌስታሏን በሁለት እጇ አቅፋ ሮጠች።

«ድምፅህ የወያላ ነው» አለኝ ቤኪ፣ ሳይዞር። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ። «ብርድ ልብሱ ውስጥ ግባና እንደገና በላት።»

ገባሁ።